ጋሽ ተገኘና አራቱ ማዕዘን

ነገሩ የጀመረው እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ሰባት ከሃያ። እዚህ ዓርብና ቅዳሜ ታርፎ እሁድ ሥራ ይገባል። የቢሮውን በር ከፍቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው የጋሽ ተገኘ ልጅ ነበረች።

«አስናቁ፣ አባባ የለም» አለችኝ።

እኔም እንደ ሞኝ «ወዴት ሄዱ?» አልኳት።

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሐሙስ ከሰዓት ያስቀመጡልኝ ጥቁር ደብተር አለ። ከመስኮቱ ሥር የሚዛን ድንጋዮቻቸው ሣጥን አለ፤ በላዩ ላይ ነጭ የጥጥ ጓንታቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ሰውየው ብቻ ናቸው የሌሉት።

ጋሽ ተገኘ ሚዛን ፈታሽ ነበሩ። በናታንያ ከተማና በአካባቢዋ ሥጋም ሆነ ዓሣ፣ ፍራፍሬም ሆነ ወርቅ መዝኖ የሚሸጥ ሁሉ ሚዛኑን በየጊዜው ያስፈትሻል። ትክክል ሆኖ የተገኘው ሚዛን አረንጓዴ ማድቤካ ይለጠፍበታል፤ ማድቤካ የምንለው ተለጣፊውን ወረቀት ነው። የተበላሸው ቀይ ይለጠፍበታል፤ እስኪታረም ድረስ ማንም አይመዝንበትም።

«የጥንቱ ሚዛን ሲዋሽ ዘንበል ይላል፣ ታዪዋለሽ» ይሉኝ ነበር። «ይሄ ዲጂታሉ ግን ሲዋሽም ቁጥሩ እንዳማረበት ነው።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። በዚያ ቢሮ ሥራዬ ግን እሳቸው በደብተራቸው የጻፉትን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ቴዑዳ ማውጣት ነበር፤ የምስክር ወረቀቱን ቴዑዳ እንለዋለን። ደብተራቸውን የሚጽፉት በአማርኛ ነው። ዕብራይስጥ ይናገራሉ፣ ይቀልዱበታል፣ ይጣሉበታል። መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን «ፊደሉ አያምነኝም፣ እኔም አላምነውም» ይላሉ። እኔን ደግሞ አባቴ በልጅነቴ ሀሁን አስቆጥሮኛል። ስለዚህ ያንን ደብተር ማንበብ የምንችለው ከቢሮው ሰው ሁሉ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ይህ አንድ ቀን ሸክም ይሆንብኛል ብዬ አላሰብኩም።

የመጀመሪያ ቀኔን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። ጋሽ ተገኘ ጓንት አጥልቀው ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ሚዛን እየፈተሹ ነበር። «እስቲ ያቺን አንድ ኪሎ አቀብይኝ» አሉኝ። እኛ ቤት ለትልቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይሰጥም። ብረቷን ከሣጥኑ በሁለት ባዶ እጄ አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ብረቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ምንም ሳይሉ ጓንታቸውን አወለቁ። ከወንበራቸው ከፍ አሉና እሳቸውም በሁለት ባዶ እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ጨዋ ልጅ ነሽ» አሉኝ ብረቷን ለብቻዋ እያስቀመጡ። «የሚዛን ድንጋይ ግን በባዶ እጅ አይነካም። የሰው ላብ፣ የሰው ቅባት ይከብዳል። ጨዋነትሽ ሁለት ሚሊግራም ይመዝናል።»

ያቺ አንድ ኪሎ እንደገና ተፈትሻ እንድትመለስ ወደ ላቦራቶሪ ተላከች፤ ሦስት ሳምንት ቆየች። የቢሮው ሜናሄል ኡዚ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ «ማን ነካት?» ብሎ ሲጮህ ጋሽ ተገኘ «እኔ ነኝ» አሉት። ዋሹ አይባልም። እውነትም ነክተዋታል። ጓንታቸውን ለምን እንዳወለቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሣጥኑን ስም ነገሩኝ። «አትንኩኝ» ነበር የሚሉት።

«ጎንደር እያለን እኛን አይሁዶቹን ነበር አትንኩኝ የሚሉን» አሉኝ። «ከሌላው ሕዝብ ጋር ስለማንነካካ፣ ከነኩንም ወንዝ ወርደን ስለምንታጠብ። አሁን ተራው የእነዚህ ብረቶች ነው። እኔም እንደ ቄስ እጠብቃቸዋለሁ።»

መኪና ውስጥ ሣጥኑን ከፊት ወንበር ያስቀምጡና ቀበቶ ያስሩለታል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። «አትከፊ» ይሉኛል በመስታወት እያዩ፣ «አንቺ ብትወድቂ ትነሺያለሽ። እሱ ከወደቀ ኪሎነቱ ያልቃል።»

ከእሳቸው ጋር ብዙ ጊዜ አልወጣሁም። ከሰው ፊት መቆም እፈራለሁ፤ በሥራ ቦታ ድምፄ ከወረቀት ድምፅ አይበልጥም። እሳቸው ግን አይተውኝም ነበር። «ወረቀት ከወረቀት እስከ መቼ ትገለብጫለሽ?» እያሉ ወተወቱኝና የፈታሽነት ኮርሱን ወሰድኩ፣ አለፍኩም። ፈቃዱ በስሜ ወጣ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በወጣሁባቸው ጥቂት ቀናት ያየሁትን ግን አልረሳም። አንድ ቀን መሀል ከተማ፣ ከአደባባዩ ጀርባ፣ አንድ ዓሣ ሻጭ ጋ ሄድን። ጋሽ ተገኘ ሚዛን ከመንካታቸው በፊት የሚመዝነውን ሰው ያያሉ፤ ልማዳቸው ነው። ጥግ ይዘው ይቆማሉ፣ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፣ ስልክ የሚያዩ ይመስላሉ። ዓይናቸው ግን የሻጩ እጅ ላይ ነው። ሰውየው ሁለት ደንበኛ ካስተናገደ በኋላ መቆማቸው ሰለቸው።

«ንገረኝ እስቲ» አለ፣ ደንበኞቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። «አፍሪካ ውስጥ ሚዛን ነበራችሁ እንዴ?»

«ነበረን» አሉት ጋሽ ተገኘ። «አንዳንዱ ባለሱቅ ግን ዓሣውን ከነአውራ ጣቱ ይመዝን ነበር። አንተም ጣትህን አንሳና እንጀምር።»

ሰውየው እጁን ከሚዛኑ ላይ እንደ እሳት አነሳ። የቆመችው ሴት ዓሣዋን እንደገና አስመዘነች። እኔ መሬቱን ነበር የማየው።

ሌላ ቀን ደግሞ ከአንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ጠባቂው አስቆመን። በዚህ አገር የሁሉም ሰው ቦርሳ ይፈተሻል፤ የዚያን ቀኑ ጠባቂ ግን የፊተኞቹን በእጁ እያሳለፈ እኛ ላይ ሲደርስ ነቃ አለ።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

«አምስት ኪሎ።»

«የምን አምስት ኪሎ?»

«የኪሎ።»

«አያ፣ ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀለድኩም። አንድ ኪሎ አለ፣ ሁለት ኪሎ አለ፣ ሌላ ሁለት ኪሎ አለ። ደምረው።»

ጠባቂው ሣጥኑን ከፍቶ እጁን ሊሰድ ሲል ጋሽ ተገኘ «ቆይ!» ብለው ጮኹ። ከኪሳቸው ትርፍ ጓንት አውጥተው ሰጡት። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። ያ ጎረምሳ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ብረቶቹን አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው እያነሳ አየ። አንዲት አሮጊት «ማዛል ቶቭ!» አለችው፣ እንኳን ደስ ያለህ ማለቷ ነው፤ ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ግን ጋሽ ተገኘ አልሳቁም።

«በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ሲያመጡን» አሉኝ፣ «የአውሮፕላኑን ወንበር ሁሉ ነቅለው ነው የጫኑን። ወለሉ ላይ ተጨናንቀን። ስንት ኪሎ ናችሁ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። ከወረድን ወዲህ ግን ይኸው በየበሩ እየመዘኑን ነው።» ትንሽ ነዱና ጨመሩ። «ይመዝኑና! እኔ ቁጥሬን አውቀዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም። ነገሩን እንደ ልኬት ነበር የሚናገሩት። አባታቸው ጎንደር ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። አገሬው ማረሻቸውን ይገዛል፣ እሳቸውን ቡዳ ይላል፣ ዓይናቸውን እንዳያይ ፊቱን አዙሮ ይከፍላል። «አባትዎ ምን ይሏቸው ነበር?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ምንም። ሲሰድቡት ማረሻውን አንስቶ ድንጋይ ላይ ይመታዋል። አይሰበርማ! ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?»

እንግዲህ ወደ ሐሙሱ ነገር ልምጣ።

ቴል ሞንድ አጠገብ አንድ የአቮካዶ ማሸጊያ አለ። ሴቶቹ አቮካዶውን አራት አራት ኪሎ እየመዘኑ በሣጥን ያሽጋሉ። ከእነሱ አንዷ እትዬ የሺ ናቸው፤ የነቬ ኢታማር ሰፈር ሰው፣ እንደ ጋሽ ተገኘ የጎንደር ሰው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ። ገዢው «ከእነዚህ ሣጥኖች ሁለት መቶ ግራም ይጎድላል» ብሎ መመለስ ጀመረ። ሁለት መቶ ግራም አንድ አቮካዶ ነው። የጎደሉት ሣጥኖች በሙሉ የእትዬ የሺ ሆኑ። የማሸጊያው ሜናሄል አጠገባቸው ቆሞ ሲያይ ሣጥኑ ልክ ነው፤ ዘወር ሲል ይጎድላል። ከዚህ በኋላ ሜናሄሉ መጠየቁን ተወ። እሱ ሲያይ ልክ፣ ሳያይ ጉድለት ከሆነ ሴትዮዋ ሌባ ናት ብሎ ደመደመ። መውጫው በር ላይ ቦርሳቸውን በሰው ፊት ገለበጠው። መነጽርና ዳቦ ወደቀ።

ጋሽ ተገኘ ሚዛኑን እንዲፈትሹ የተጠሩት ነገሩን ለመዝጋት ነበር። እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ጥግ ይዘው ቆሙ። እትዬ የሺ ሣጥኑን አምጥተው በሚዛኑ እምብርት ላይ፣ በሥርዓት፣ ልክ በእንግዳ ፊት ሰሃን እንደሚያስቀምጡ አድርገው አስቀመጡት። ልክ አራት ኪሎ። ሁለተኛውም ልክ። ጋሽ ተገኘ ይህን ሲያዩ ጀርባቸውን ሰጥተው ወሬ ጀመሩ። የት መንደር ነበሩ? እነ ማንን ያውቃሉ? የመንደሩ ወንዝ ድልድይ አለ እስከ ዛሬ? እትዬ የሺ ወሬው ሲጥማቸው እንግዳ መኖሩን ረሱና እንደ ሁልጊዜው መሥራት ጀመሩ። የቆሙበት ቦታ ከአንድ ምሰሶ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሣጥኑን ሳይጠመዘዙ ሲያሳርፉት የሚወድቀው በሚዛኑ ግራ፣ በኋለኛው ማዕዘን ላይ ነው። ጋሽ ተገኘ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አዩት።

«ሰው ቆሞ ሲያያት ታፍራለች» አሉኝ ሐሙስ ከሰዓት ሲመለሱ። «ትልቅ ሰው ፊት ሥራን አሳምሮ መሥራት ነው የተማረችው፣ እኔና አንቺ እንደተማርነው። ያ ደንቆሮ ጨዋነቷን ስርቆት ነው አለው!»

እዚያው ማሸጊያው ውስጥ ብረቶቹን በአራቱም ማዕዘን አስቀምጠው ለኩ። ብዙ ፈታሽ መሀሉን ብቻ ለክቶ ለጥፎ ይሄዳል። እሳቸው አራቱን ማዕዘን ትተው አያውቁም፤ እያንዳንዱንም ሦስት ጊዜ። ግራ ኋላ ማዕዘኑ ላይ አራት ኪሎው ብረት ከእውነተኛ ክብደቱ ሁለት መቶ ግራም አስበልጦ አሳየ። ሦስቴም እንደዚያው። በዚያ ማዕዘን ሚዛኑ «አራት ኪሎ» ሲል ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ነው ማለት ነው። ቀዩን ማድቤካ ሲያወጡ ሜናሄሉ እጃቸውን ያዘ። «ከኡዚ ጋር እነጋገራለሁ» ብሎ ከበር አስወጣቸው።

ቢሮ ተመልሰው ከኡዚ ጋር በሩን ዘግተው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። የኡዚ ድምፅ «ትልቁ ደንበኛችን ነው» ሲል፣ የእሳቸው ድምፅ «ማዕዘኑ ማን ትልቅ እንደሆነ አያውቅም» ሲል። በመጨረሻ ኡዚ «እሁድ እንነጋገራለን» አለ። ጋሽ ተገኘ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ ጓንታቸውን አጣጥፈው ወጡ። «ቴዑዳውን እሁድ እናወጣዋለን፤ ለሰኞ መድረስ አለበት» ነበር የመጨረሻ ቃላቸው።

እሁድ መጣ። እሳቸው አልመጡም።

ኡዚ መርዶውን ሲሰማ አለቀሰ። ይህን አልደብቅም፤ ከልቡ አለቀሰ። «አሥራ አምስት ዓመት» እያለ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ፊቱን ታጥቦ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጣ።

«ኦስናት» አለኝ። ትምህርት ቤት ያወጡልኝ ስም ነው። «ቴል ሞንዶች ነገ በሦስት ሰዓት ለሠራተኛዋ ሺሙዓ አላቸው። ሚዛኑ ደህና ነው የሚል ቴዑዳ ይፈልጋሉ።»

ሺሙዓ ማለት ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ቀርቦ «የምትለው ካለ ተናገር» የሚባልበት ስብሰባ ነው።

ኡዚ ቀጠለ።

«ተገኘ ሐሙስ እዚያ ነበር። በእሱ ስም አውጪው፣ ‹ታኪን› ብለሽ።» ታኪን ማለት ምንም እንከን የለበትም ማለት ነው።

«ደብተሩ…» አልኩ።

ደብተሩን ገለጥ አድርጎ አየውና መልሶ ዘጋው። «ይህን ማንም አያነብም። እሱም እንግዲህ አይከፋውም። ከዚህ ቢሮ ለሚበላ ስምንት ቤተሰብ እንጀራ አስቢ።»

ያልኩት «ቤሴዴር» ነው። እሺ ማለት ነው። በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ደብተሩን ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«መሀል ደህና። ቀኝ ፊት ደህና። ቀኝ ኋላ ደህና። ግራ ፊት ደህና። ግራ ኋላ 200 ግራም ያስበልጣል። ሦስቴ። ሴትዮዋ ምንም አልነካችም።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ደብተራቸው ላይ ከቁጥር በቀር ስለ ሰው ጽፈው አይቼ አላውቅም።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ከወንዶቹ ኋላ ቆሜ ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ነሽ እሱ ጋ ወረቀት የምትጽፊው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የሺ እባላለሁ።»

ቦርሳዬን ወደ ጎኔ ሳብኩት።

«ሰኞ ወረቀቱ ይደርስልሻል ብሎኝ ነበር» አሉኝ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ወረቀቱም አብሮት ገባ። ሥራውስ ይቅር፣ እጅ እስካለ ሌላ አይጠፋም። ግን ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተብዬ ነቬ ኢታማር በየትኛው ፊቴ ልግባ? ልጆቼስ ምን ይበሉ?»

ልነግራቸው ፈለግኩ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ትተውኝ እንዳይሄዱ እጃቸውን ያዝኩ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ ኀዘን ቆጥረውልኝ፣ «አይዞሽ፣ አባትሽን ያህል ነበር» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እኔን ያጽናኑኛል! በእኔ እጅ ነገ የሚዋረዱት ሴት።

በጋሽ ተገኘ ላይ አፈር ሲመለስ አንድ ነገር ታየኝ። ኡዚ የሚፈልገው ፊርማ የእሳቸው ነው። እሳቸው ከአሁን በኋላ እምቢ ሊሉ አይችሉም፤ ለዚህ ነው የፈለገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው እምቢታ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም በፊት ቢሮ ገባሁ። መሳቢያዬን ከፍቼ ፈቃዴን አወጣሁ። የጋሽ ተገኘን ጓንት አጠለቅሁ፤ ሰፋኝ። ሣጥኑን ተሸክሜ የቢሮው መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀመጥኩትና ቀበቶ አሰርኩለት። ቴል ሞንድ ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ለሺሙዓው ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

ሜናሄሉ ከበሩ ላይ አገኘኝ። «ቴዑዳውን አመጣሽ?»

«ልፈትሽ ነው የመጣሁት።»

«ተፈትሿል እኮ።»

«የፈተሹት ሰው ሞተዋል። ስለዚህ እንደገና ይፈተሻል።»

ይህ ደንብ ይኑር አይኑር አላውቅም። እሱም አላወቀም። አልፌው ገባሁ። ሚዛኑ በቦታው ነው፤ ከምሰሶው አጠገብ። እትዬ የሺ ሽርጣቸውን ለብሰው ቆመዋል። ሣጥኑን ከፍቼ ሚዛኑ ሳይዘነብል መቆሙን አየሁ፣ አብርቼ አሞቅሁት፣ ዜሮ አደረግሁት። ሁለት ኪሎዋን ብረት መሀሉ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ደህና ነው። ቀኝ ፊት ደህና። ቀኝ ኋላ ደህና። ግራ ፊት ደህና። ግራ ኋላ ሳስቀምጣት ሁለት ኪሎዋ ሁለት ኪሎ ከመቶ ሆነች። ሁለቱን ብረቶች ደርቤ አራት ኪሎ ሳደርገው አራት ከሁለት መቶ አለ። አንስቼ እንደገና። አንስቼ እንደገና። ሦስቴ።

አቮካዶውን የሚያመላልሰው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ቆሟል። ሴቶቹ ከበውናል።

«ማዕዘኑ ላይ ማን ይመዝናል?» አለ ሜናሄሉ። «ስትሠራ ቆሜ አይቻታለሁ። ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ነይ፣ አሳያት!»

እትዬ የሺም ሣጥን አንስተው በሚዛኑ እምብርት ላይ በሥርዓት አሳረፉት። ልክ አራት ኪሎ። ሜናሄሉ እጁን ዘርግቶ ሳቀ።

«ዙር» አልኩት።

«ምን?»

«ጀርባህን ስጣት። ሁላችሁም ዙሩ።»

ድምፄ ከጣሪያው ተመልሶ መጣብኝ፤ የእኔ አልመሰለኝም። ሴቶቹ መጀመሪያ ዞሩ። እሱም ሁሉም ሲዞር ብቻውን ቆሞ መቅረት አፍሮ፣ እያጉረመረመ ዞረ። እኔም ዞርኩ። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ነበር የማየው።

«እትዬ የሺ» አልኩ በአማርኛ፣ «ያ ጋሽ ተገኘ የጠየቁዎት ድልድይ አለ እስከ ዛሬ?»

«ምኑን አውቄ ልጄ» አሉ። «እኔ ስመጣ ግማሹን ውኃ ወስዶት ነበር። በበጋ በድንጋዩ ላይ እየዘለልን ነበር የምንሻገረው፤ አንድ ጊዜማ እኔና እህቴ…» እጃቸው ሥራውን ጀመረ። አቮካዶ ሞሉ፣ ሣጥኑን አነሱ፣ ሳይጠመዘዙ አሳረፉት። ግራ፣ ኋላ።

«አሁን እዩ» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ሚዛኑ «አራት ኪሎ» ይላል። ሣጥኑን በሁለት እጄ ገፍቼ ወደ መሀል አመጣሁት። ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ።

ቀዩን ማድቤካ ከፍቼ በቁጥሩ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። «ፓሱል» ይላል፤ የማይሠራ። ሜናሄሉ ስልኩን አውጥቶ እየጮኸ ወደ ቢሮው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የእኔም ስልክ ጮኸ። ኡዚ ነበር።

«ኦስናት፣ ምንድን ነው ያደረግሽው? ማን ላከሽ?»

«ማንም። ቴዑዳውን በስሜ እያወጣሁ ነው።»

«ኦስናት!»

«አስናቁ ተብሎ ነው የሚጻፈው» አልኩና ዘጋሁት።

ሣጥኑን ደገፍ ብዬ ቴዑዳውን በእጄ ሞላሁ። አምስቱን ልኬት፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፈረምኩ። ሁለት ቅጂ ነበር፤ አንዱን ሺሙዓው ወደሚካሄድበት ክፍል ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላውን ይዤ ወደ እትዬ የሺ መጣሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ። ዕብራይስጥ አያነቡም።

ቴዑዳው ስለ ሚዛን እንጂ ስለ ሰው አይናገርም። ስለዚህ ጥቁሩን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን መስመር ደግሞ በአማርኛም በዕብራይስጥም፣ ቆመው ለነበሩት ሴቶች ሁሉ አነበብኩት። ሴትዮዋ ምንም አልነካችም።

ከዚያ ጓንቱን አወለቅሁ። ወረቀቱን በሁለት ባዶ እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።